የስብዕና ሞዴሎችን ማወዳደር፦ ከስማቸው ሳይሆን ከጥያቄዎቻቸው መጀመር

መሠረታዊ የሰው ባሕርያት ስንት ናቸው? የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃንስ አይዘንክ ሦስት ናቸው ይላል። ፖል ኮስታና ሮበርት ማክሬ አምስት፣ ማይክል አሽተንና ኪቦም ሊ ስድስት፣ ሬይመንድ ካቴል ደግሞ አሥራ ስድስት ይላሉ። ቁጥሩን ብቻ ይዞ ክርክር የገባ ሰው ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ አንዱ ግንዱን ሲቆጥር ሌላው ቅርንጫፉን ነው የቆጠረው። የካቴል አሥራ ስድስቱ እንደገና ሲተነተኑ አምስት ሰፊ ባሕርያት ሥር ይሰበሰባሉ። የኮስታና ማክሬ አምስቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው በስድስት ንዑስ ባሕርያት ተከፍለው ሠላሳ ይሆናሉ። ስለዚህ "አምስት ወይስ አሥራ ስድስት?" የሚለው በአመዛኙ የከፍታ ጥያቄ ነው፤ ከሩቅ ያየና ከቅርብ ያየ እኩል አይቆጥሩም። "አምስት ወይስ ስድስት?" የሚለው ግን እውነተኛ ልዩነት አለበት። በዚህ መመሪያ ብዙ የምንቆየው እሱ ላይ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ

ስለ ሞዴሉ የተጻፈ ማብራሪያ አይበቃም። የጥያቄዎቹ ሙሉ ዝርዝርና የነጥብ አሰጣጡ ቁልፍ በእጃችሁ መግባት አለበት። የኮስታና ማክሬ ኒዮ መጠይቅ በ1992 እትሙ 240 ጥያቄዎች አሉት፤ የሚሸጥ ነው። ገንዘቡ ከሌለ አይፒአይፒ የሚባለውን ለሁሉም ክፍት የሆነ የጥያቄ ቋት ተጠቀሙ፤ ሠላሳውን ንዑስ ባሕርያት ተከትሎ የተዘጋጀ ባለ 120 ጥያቄ መጠይቅ አለው። ባለ ስድስቱ ሞዴል ሄክሳኮ ይባላል፤ ባለ 200፣ ባለ 100 እና ባለ 60 ጥያቄ ሆኖ ይገኛል፤ ለትርፍ ላልቆመ ጥናት ክፍያ አይጠየቅበትም። ቢኤፍአይ-2 የሚባለው የ2017ቱ የአምስቱ ባሕርያት መጠይቅ 60 ጥያቄዎችና 15 ንዑስ ባሕርያት አሉት።

ርዝመታቸው የተቀራረበ መጠይቆችን ምረጡ። ባለ 60ውን ሄክሳኮ ከባለ 60ው ቢኤፍአይ-2 ጋር ማስቀመጥ ፍትሐዊ ነው፤ ለአንድ ባሕርይ አንደኛው 10፣ ሌላው 12 ጥያቄ ይደርሰዋል። አሥር ጥያቄ ብቻ ያሉትን አጭር መጠይቅ ከባለ 100 ሄክሳኮ ጋር አወዳድሮ "ሄክሳኮ በለጠ" ማለት ግን ያሸነፈው ሞዴሉ ይሁን የጥያቄው ብዛት የማይለይ ውጤት መጻፍ ነው። በተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ደጋግሞ የሚታይ ስሕተት ነው።

መጀመሪያ ምንጩን ለዩ

ሞዴሎቹ ከተለያየ ምንጭ ስለተቀዱ የሚፈተኑበትም መንገድ ይለያያል።

አንደኛው ምንጭ መዝገበ ቃላት ነው። ሐሳቡ፣ በሰዎች መካከል ያለ ጠቃሚ ልዩነት ሁሉ ውሎ አድሮ በቋንቋው ውስጥ ቃል ያገኛል የሚል ነው። በ1936 ኦልፖርትና ኦድበርት ከእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ወደ 18,000 የሚጠጉ ሰውን የሚገልጹ ቃላት ለቀሙ፤ ከእነዚህ የጸና ባሕርይን የሚያመለክቱት 4,500 ያህል ነበሩ። ካቴል የተነሣው ከዚህ ዝርዝር ነው። በ1961 ቱፕስና ክሪስታል በአሜሪካ አየር ኃይል መረጃ ላይ አምስት ፋክተር (አብረው ከፍ ዝቅ የሚሉ መልሶች የሚሰበሰቡበት ሰፊ ባሕርይ) ደጋግሞ ሲወጣ አዩ፤ "ቢግ ፋይቭ" (ታላላቆቹ አምስት) የሚለውን ስም በ1981 ያወጣው ሉዊስ ጎልድበርግ ነው። ሄክሳኮም የዚሁ መንገድ ልጅ ነው፤ በ2004 አሽተን፣ ሊና ባልደረቦቻቸው የሰባት ቋንቋዎችን ጥናት (ደች፣ ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛ፣ ሀንጋሪኛ፣ ጣልያንኛ፣ ኮሪያኛና ፖሊሽኛ) ጎን ለጎን አስቀምጠው ስድስተኛ ፋክተር በተደጋጋሚ ይወጣል አሉ።

ሁለተኛው ምንጭ መጠይቅ ነው። ኮስታና ማክሬ በ1978 የጀመሩት በሦስት ባሕርያት ነበር፦ የስሜት አለመረጋጋት፣ ውጫዊነት (ተጫዋችነትና ከሰው ጋር መዋል መውደድ) እና ለአዲስ ነገር ክፍትነት፤ ተስማሚነትን (ከሰው ጋር በመልካም መኖርን) እና ትጋትን በኋላ ነው የጨመሩት። የመዝገበ ቃላቱ "ቢግ ፋይቭ" እና የእነሱ "የአምስቱ ፋክተሮች ሞዴል" እየተቀያየሩ ቢጠሩም መንትያ እንጂ አንድ አይደሉም። አምስተኛ ተብሎ የሚቆጠረው ባሕርይ፣ ለአዲስ ነገር ክፍትነት፣ በመዝገበ ቃላቱ መንገድ ወደ አእምሮ ብስለትና ምናብ ያዘነብላል፤ በኒዮ ግን ሥነ ጥበብን፣ ስሜትንና የእሴት ነጻነትን ጭምር ይይዛል።

ሦስተኛው ሥነ ሕይወት ነው። አይዘንክ ውጫዊነትን ከአንጎል የመነቃቃት መጠን ጋር አያይዞ ነው የተነሣው። ይህን ሞዴል "በሌላ ቋንቋ መዝገበ ቃላት አልወጣም" ብሎ መጣል ተገቢ አይደለም፤ የሚፈተነው በሰውነት ላይ በተናገረው ትንቢት ነው። የመዝገበ ቃላት ሞዴልን ግን በትክክል የሚፈትነው ሌላ መዝገበ ቃላት ነው።

አንድን ጠባይ ይዞ አድራሻውን መፈለግ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። የፋክተሮቹን ስም እርሱት። አንድ ተራ ጠባይ አንሡ፤ በየሞዴሉ የት እንደተቀመጠ ፈልጉ።

ቁጣን እንውሰድ። በኒዮ ቁጡነት ከስሜት አለመረጋጋት ስድስት ንዑስ ባሕርያት አንዱ ነው፤ ከጭንቀትና ከድብርት ጋር ተቀምጧል። በሄክሳኮ ግን ቁጣ የተስማሚነት ተቃራኒ ጫፍ ነው፤ የሄክሳኮ ተስማሚነት ይቅር ባይነት፣ ገርነት፣ እሺ ባይነትና ትዕግሥት ነው። ስለዚህ ጥናት ሀ "ተስማሚነት ከጠብ ጋር ይዛመዳል"፣ ጥናት ለ ደግሞ "የስሜት አለመረጋጋት ከጠብ ጋር ይዛመዳል" ቢሉ ሁለቱም ያገኙት አንዱን ቁጣ ሊሆን ይችላል።

ችኮላ ደግሞ ከቤት ቤት ሲዞር የኖረ ነው። አይዘንክ መጀመሪያ ከውጫዊነት ጋር አስቀመጠው፤ ሳይኮቲሲዝም (ለሰው አለመራራትና ለደንብ አለመገዛት) የሚለውን ሦስተኛ ባሕርይ ካመጣ በኋላ አብዛኛው ወደዚያ ሄደ። ኒዮ ከስሜት አለመረጋጋት ሥር አድርጎታል፤ ሄክሳኮ አስቦ ማድረግን ከትጋት ሥር አስገብቶታል። ማርቪን ዙከርማን "አማራጭ አምስት" በሚባለው ሞዴሉ ውስጥ ችኮላን አዲስ ስሜት ከማሳደድ ጋር አጣምሮ ለብቻው ዋና ባሕርይ አድርጎታል። የአይዘንክን የ1964 መጠይቅና የ1975ቱን መጠይቅ ውጤት "ሁለቱም ውጫዊነት ይላሉ" ብሎ የሚደምር ሰው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እየደመረ ነው።

ድብርት በኒዮ ስሜት አለመረጋጋት ውስጥ ነው፤ በሄክሳኮ ግን በአብዛኛው የሚታየው ዝቅ ባለ ውጫዊነት፣ በተለይ ዝቅ ባለ የሕይወት ስሜትና ዝቅ ባለ ለራስ ግምት ነው። የሄክሳኮ "ስሜታዊነት" ፍርሃት፣ ጭንቀት፣ የሰው ድጋፍ ፈላጊነትና ሆደ ቡቡነት ነው። ሆደ ቡቡነት በኒዮ ካለ የሚገኘው ተስማሚነት አጠገብ ነው። ስለዚህ ሄክሳኮ ስድስተኛ ክፍል ጨምሮ አልቆመም፤ የቤቱን ግድግዳም አንቀሳቅሷል። ይህን ያላየ ሰው "ሄክሳኮ ማለት ቢግ ፋይቭ ሲደመር ሐቀኝነት" ብሎ ይጽፋል፤ ስሕተት ነው።

አሁን ሐቀኝነት። በሄክሳኮ ሐቀኝነትና ትሕትና የሚባለው ባሕርይ አራት ክፍል አለው፤ ቅንነት፣ ፍትሐዊነት፣ ከስግብግብነት መራቅና ራስን ዝቅ ማድረግ። ይህ በአምስቱ ውስጥ የለም ማለት ትችላላችሁ? የትኛው አምስት እንደሆነ ይወሰናል። የቢኤፍአይ-2 ተስማሚነት ርኅራኄ፣ አክብሮትና እምነት ነው። የኒዮ ተስማሚነት ግን ግልጽ ተናጋሪነትንና ትሕትናን በስም ይዟል። ሄክሳኮ በቢኤፍአይ-2 ላይ የሚጨምረው ብዙ፣ በኒዮ ላይ የሚጨምረው ያነሰ ሆኖ ቢታይ አትደነቁ።

ይህን በወረቀት ለመሥራት ስድስት ጠባይ ይበቃል፦ ቁጣ፣ ችኮላ፣ ድብርት፣ ፍርሃት፣ ርኅራኄ፣ ሐቀኝነት። በቋሚው ጠባያቱን፣ በአግዳሚው ሞዴሎቹን አድርጉና በየሳጥኑ የፋክተሩን ስም ብቻ ሳይሆን የጥያቄውን ቁጥር ጻፉ። ቁጥር የማይገባበት ሳጥን ካለ ያ ሞዴል ያን ጠባይ አይለካም፤ ማብራሪያው ምንም ቢል።

ካርድ መደልደል

ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት የሁለቱን መጠይቆች 120 ጥያቄዎች በ120 ካርዶች ላይ ጻፉ። በጀርባው ሞዴሉንና ባሕርዩን በኮድ ምልክት አድርጉ። ሞዴሎቹን የማያውቁ ሦስት ሰዎች ለየብቻቸው ካርዶቹን በትርጉም መቀራረብ ይከምሩ። ስንት ክምር እንደሚጠበቅ አትንገሯቸው፤ "አምስት ገደማ" ካላችሁ አምስት ይሠሩላችኋል። በቃ ሲሉ ክምሩን ስም ያውጡለት፤ ከዚያ ካርዱ ይገለበጥ።

ከሁለቱም ሞዴል ካርዶች ያሉበት ክምር የጋራ ይዘት ነው። ከአንዱ ብቻ የመጣ ክምር የዚያ ሞዴል የግሉ ነው። ቢያንስ ሁለት ሰዎች አንድ ላይ ያደረጓቸውን ብቻ ቁጠሩ። ተመሳሳይ ስም ይዘው የተለያየ ክምር ውስጥ የገቡ ባሕርያት፣ የተለያየ ስም ይዘው አንድ ክምር ውስጥ የተገናኙም ታገኛላችሁ። ይህ ግማሽ ቀን የሚወስድ ሥራ ከብዙ ስታቲስቲክስ ያድናል።

መረጃ መሰብሰብና መተንተን

ሁለቱንም መጠይቆች እነዚያው ሰዎች ይሙሉ። ግማሹ ቢኤፍአይ-2ን ቀድሞ፣ ግማሹ ሄክሳኮን ቀድሞ፤ አለበለዚያ ሁለተኛው መጠይቅ በድካም ይጎዳል። ተዛምዶ (ኮሪሌሽን) መርጋት የሚጀምረው ወደ 250 ሰው ሲደርስ ነው፤ ለፋክተር ትንተና ከ300 እስከ 500 ያዙ።

ተቃራኒ የተጻፉ ጥያቄዎችን ገልብጡ፤ ባለ አምስት ደረጃ ከሆነ 6 ሲቀነስ መልሱ፣ ባለ ሰባት ከሆነ 8 ሲቀነስ መልሱ። አንድ ጥያቄ ከራሱ ባሕርይ ድምር ጋር በአሉታ ከተዛመደ አንድም አልገለበጣችሁትም አንድም ሁለቴ ገልብጣችሁታል።

የሄክሳኮ ባሕርያት የአስተማማኝነት አልፋ (የአንድ ባሕርይ ጥያቄዎች ምን ያህል እርስ በርስ እንደሚስማሙ የሚያሳይ ቁጥር) በ0.70ዎቹ ቢሆን አትሸበሩ፤ ጥያቄዎቹ ሆን ተብሎ ሰፊ ይዘት እንዲሸፍኑ ተመርጠዋል። በአራት ጥያቄ 0.90 የሚያመጣ መለኪያ ይልቅ አጠራጣሪ ነው፤ አንዱን ጥያቄ አራት ጊዜ እየጠየቀ ሊሆን ይችላል። ሁለት ባሕርያት ምን ያህል አንድ እንደሆኑ ስትጠይቁ ተዛምዶውን በአስተማማኝነታቸው አርሙት። በሁለቱ ተስማሚነቶች መካከል 0.40 ብታገኙና አልፋቸው 0.70 እና 0.80 ቢሆን፣ 0.40ን ለ0.56 ካሬ ሥር (0.75 ገደማ) ስታካፍሉ 0.53 ይመጣል። አንድ ስም ላላቸው ሁለት መለኪያዎች 0.53 በጣም ትንሽ ነው።

ስንት ፋክተር እንደሚወጣ ለመወሰን "አይገን እሴቱ (ፋክተሩ የሚሸከመው የልዩነት መጠን) ከ1 በላይ" የሚለውን የድሮ ደንብ ተዉት፤ በ120 ጥያቄ ላይ ከማንም ሞዴል እጅግ የበለጠ ፋክተር ያወጣል። ፓራለል ትንተና ተጠቀሙ። መረጃችሁ በሚያህል ልክ 500 ያህል የዘፈቀደ ሰንጠረዦች ይፈጠሩና ከእነሱ 95ኛ ፐርሰንታይል በላይ የሆኑት ፋክተሮች ብቻ ይቆጠራሉ፤ አር በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሳይክ የተሰኘው ጥቅል ይሠራዋል። ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያላችሁ እስከ ሰባት አውጡና የትኛው ከየትኛው እንደሚገነጠል ተከታተሉ። ከአምስት ወደ ስድስት ስታልፉ አዲሱ ፋክተር ሐቀኝነት ከሆነ ጥሩ፤ በአሉታ የተጻፉ ጥያቄዎች ብቻ የተሰበሰቡበት ከሆነ ግን የአጻጻፍ ውጤት ነው እንጂ ባሕርይ አይደለም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ በግልጽ እንናገር። የሄክሳኮን አሥር የሐቀኝነት ጥያቄዎች ከከተታችሁ የሐቀኝነት ፋክተር መውጣቱ አይቀርም። ድስት ውስጥ ሽሮ ጨምሮ ሽሮ ወጣ ብሎ መደነቅ አይገባም። የመጠይቆች ትንተና የሁለቱን ካርታ ያሳያል፤ "የሰው ባሕርይ ስድስት ነው" የሚለውን ግን አይፈርድም። ለዚያ ማንም ሞዴል ያልመረጠው የቃላት ናሙና ያስፈልጋል።

አረጋጋጭ ፋክተር ትንተና (አስቀድሞ የተነደፈ ሞዴል ከመረጃው ጋር መግጠሙን የሚፈትን) የሚሠሩ ደግሞ ሲኤፍአይ 0.95፣ አርኤምኤስኢኤ 0.06 የሚለውን የመግጠም መስፈሪያ በሙሉ መጠይቅ ላይ በጥያቄ ደረጃ ሲያስገቡት ሁሉም ሞዴሎች ማለት ይቻላል ይወድቃሉ። የሰው ጠባይ ጥያቄ ከአንድ ፋክተር ጋር ብቻ ተጣብቆ አይኖርምና። ይህን ይዞ "ቢግ ፋይቭ ተሻረ" ብሎ መጻፍ ችኮላ ነው፤ ጥያቄዎች በሌሎች ፋክተሮች ላይም ትንሽ እንዲጫኑ የሚፈቅደውን ኢኤስኢኤም የሚባለውን ዘዴ ሞክሩ።

ትንቢት ላይ ማፋለም

ከመጠይቁ ውጭ የሆነ መለኪያ ምረጡ፦ የቀሩበት ቀን ብዛት፣ የአለቃ ምዘና፣ ሰው ሳያየው ዳይስ ጥሎ የወጣለትን ራሱ የሚናገርበት ጨዋታ። ሪግሬሽኑን (መለኪያውን ከባሕርያቱ የሚተነብየውን ስሌት) ሁለት ጊዜ ሥሩ። መጀመሪያ አምስቱን አስገብታችሁ ስድስቱን ጨምሩ፤ ቀጥሎ ስድስቱን አስገብታችሁ አምስቱን ጨምሩ። የመጀመሪያው አቅጣጫ የተብራራውን ልዩነት ከ0.12 ወደ 0.17 ቢያሳድገው፣ የሁለተኛው ከ0.16 ወደ 0.17 ብቻ ቢያሳድገው፣ ሚዛኑ ወደየት እንዳጋደለ ይታያል። አንዱን አቅጣጫ ብቻ ያቀረበ ጽሑፍ ግማሽ ነው። ንዑስ ባሕርያትን ስታስገቡ የኒዮ 30 ከሄክሳኮ 24 ጋር ስለሚወዳደር በአሥር ተከፍሎ የሚደጋገም ማረጋገጫ አድርጉ፤ ብዙ ተለዋዋጭ ያለው ሁልጊዜ በራሱ ናሙና ላይ ያማረ ይመስላል።

ከሁሉ የከፋው ወጥመድ መልሱ ከጥያቄው ጋር አንድ ሲሆን ነው። የሄክሳኮ ፍትሐዊነት ጥያቄዎች "የማይደረስብኝ ከሆነ እሰርቅ ነበር" የሚል ዓይነት ይዘት አላቸው። ውጤት መለኪያችሁም "በሥራ ቦታ ዕቃ ወስደህ ታውቃለህ?" የሚል መጠይቅ ከሆነ አንዱን ነገር ሁለቴ ጠይቃችኋል። እነዚያን ጥያቄዎች አውጥታችሁ ድጋሚ ሥሩ፤ ብልጫው አሁንም ካለ እውነተኛ ነው።

በአማርኛ ስትጠይቁ

ኢትዮጵያ 50 ባህሎችን ባካተተው የማክሬና ቴራቺያኖ የ2005 ጥናት ውስጥ አለች። ይህ ግን በአማርኛ የተቀዳ ባሕርይ ተለካ ማለት አይደለም፤ ከውጭ የመጣ ሞዴል እዚህ መሥራቱ ከራሱ ከአማርኛ ቃላት የሚወጣው ሞዴል ምን እንደሚሆን አይነግረንም። በቦሊቪያ በቺማኔ ሕዝብ መካከል ግርቨንና ባልደረቦቹ በ2013 ባወጡት፣ 632 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት አምስቱ አልወጡም፤ በምትኩ ለሰው መልካም መሆንና ታታሪነት የሚመስሉ ሁለት ፋክተሮች ታዩ።

ትርጉም ላይ የመጀመሪያው አደጋ ስሙ ነው። አምስተኛውን ባሕርይ "ግልጽነት" ብሎ መተርጎም የተለመደ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ ግን ግልጽ ሰው ሲባል የሚመጣበት የሆዱን የሚናገር፣ የማይሸፍን ሰው ነው። ያ ደግሞ ለሐቀኝነት ይቀርባል። "ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን" ይሻላል። ትጋትን "ሕሊናዊነት" ማለትም እንዲሁ ወደ ሥነ ምግባር ይወስዳል፤ መለኪያው ግን ሥርዓት፣ ትጋትና ጥንቃቄ ነው። ሳይኮቲሲዝምን "እብደት" ብሎ መተርጎም ጭራሽ አይገባም፤ ከአምስቱ ጋር ሲነጻጸር ዝቅ ያለ ተስማሚነትና ዝቅ ያለ ትጋት የተደባለቁበት ነው።

ሁለተኛው ግሡ ነው። አማርኛ ብዙ ስሜት የሚናገረው ሰውየውን ተቀባይ አድርጎ ነው፦ ይጨንቀኛል፣ ይከፋኛል፣ ይሰለቸኛል። "ይጨንቀኛል" ብቻውን ሲነበብ የዛሬን ጉዳይ ይመስላል፤ ባሕርይ እንዲሆን "በትንሽ በትልቁ"፣ "ቶሎ ቶሎ" የሚል መጨመር አለበት። ሦስተኛው አሉታ ነው፦ "ቁጡ አይደለሁም" ለሚል ጥያቄ "አልስማማም" ብሎ መመለስ ያደናግራል፤ "ቶሎ እቆጣለሁ" ብላችሁ ነጥቡን ገልብጡት። ሰው ስለ ሌላ ሰው የሚሞላው መጠይቅ ደግሞ "ይቆጣል" እና "ትቆጣለች" ተብሎ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ በአንድ ቅጂ መቁረጫ ምልክት እያስገቡ መጻፍ አንባቢን ያሰለቻል።

ይዘቱም ይታይ። ሄክሳኮ ለአዲስ ነገር ክፍትነትን ሲለካ የሥዕል ኤግዚቢሽን መጎብኘት ይሰለቻችሁ እንደሆነ ይጠይቃል። ኤግዚቢሽን በሌለበት ከተማ የኖረ ሰው መልስ የሚለካው ዕድሉን እንጂ ፍላጎቱን አይደለም። ትሕትናን የሚለኩ ጥያቄዎች ደግሞ ይሉኝታ ባለበት ማኅበረሰብ ሁሉም ከፍ አድርጎ የሚሞላቸው ናቸው፤ የመልሶቹን ስርጭት እዩ፤ ከአምስት ሰው አራቱ አንድ መልስ ከሰጠ ጥያቄው ሰውን ከሰው አይለይም። ሁለት ሰው ለየብቻ ይተርጉም፣ ሦስተኛው ሳያይ ወደ ምንጩ ቋንቋ ይመልስ፣ ከዚያ ከ10 እስከ 15 ሰዎች እያንዳንዱን ጥያቄ በራሳቸው ቃል ያብራሩ። የመጨረሻው ደረጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ችግሩም ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

ስለ አሥራ ስድስቱ ዓይነቶች በአጭሩ

በየሥልጠናው የሚሰጠው ኤምቢቲአይ የሚባለው መጠይቅ ከካርል ዩንግ የ1921 ሐሳብ ተነሥቶ በካትሪን ብሪግስና በልጇ ኢዛቤል የተዘጋጀ ነው። ሰውን በአራት ጥንዶች ከፍሎ 16 ዓይነት ያደርገዋል። ከሌሎቹ ጋር ለማወዳደር ፊደሎቹን ተዉና ጥሬ ነጥቡን ውሰዱ። ማክሬና ኮስታ በ1989 እንዳሳዩት አራቱ ጥንዶች ከአምስቱ ከአራቱ ጋር ይዛመዳሉ፤ የስሜት አለመረጋጋት ቦታ የለውም። ነጥቦቹ ሲዘረጉ ብዙ ሰው መሐል ላይ ይከማቻል፤ መሐሉ ላይ መስመር ሲሰመር ከመስመሩ በአንድ ነጥብ የተለያዩ ሁለት ሰዎች ተቃራኒ ዓይነት ይባላሉ፤ ያው ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሲሞላው ፊደሉ የሚለወጥበትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ውጤታችሁን ስትጽፉ "ቢግ ፋይቭ" ብቻ አትበሉ። የትኛው መጠይቅ፣ ስንት ጥያቄ፣ የትኛው ዓመት እትም፣ በምን ቋንቋ፣ ማን ተረጎመው፣ የትኞቹ ጥያቄዎች ወጡ፣ ለምን የሚለውን በአንድ ሰንጠረዥ አስቀምጡ። ለሥራ ቅጥር የምትመርጡ ከሆነ ደግሞ አመልካች በሐቀኝነት ጥያቄዎች ላይ ራሱን አስውቦ እንደሚሞላ አስቀድማችሁ ያዙ፤ ከተቻለ እሱን የሚያውቅ ሰው ስለ እሱ የሚሞላውን ቅጽ አብራችሁ ተጠቀሙ።